ክቡር እንደ-ሰዉ እና የእናቴ ላፕቶፕ

በየመሥሪያ ቤቱ የሹመት ደብዳቤ ሳይጻፍለት፣ በኮምፒውተር ጉዳይ ራሱን በራሱ የሾመ አንድ ሰው አለ። እኛ ጋ የለም ካላችሁ በደንብ አላያችሁም፤ አለዚያም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰውዬው እናንተ ናችሁ።

የኛው የሚሠራው ንብረት ክፍል ነው። አብሬው ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደክሞኛል። ሥራው ወንበርና ጠረጴዛ መቁጠር ሆኖ ሳለ፣ አንገቱ ላይ ከመታወቂያው ጋር ሰባት ፍላሽ ተንጠልጥሏል። በየፍላሹ አንድ አንድ ዓይነት ሊኑክስ አለ። ሊኑክስ ማለት፣ እስካሁን በሰውዬው እጅ ላልወደቃችሁ፣ ላፕቶፕ ሲከፈት ቀድሞ ተነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዝ ፕሮግራም ነው። በነፃ ይገኛል፤ ውስጡም ለሁሉ ክፍት ስለሆነ የቻለ ሰው እንደፈለገው ይለውጠዋል። ችግሩ ዓይነቱ መብዛቱ ነው። "ለጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግና "እንደ ሰዉ ነው" ይላል። ስሙም በዚያው ቀረ። እቤት እናቴ ሳትቀር ክቡር እንደ-ሰዉ ነው የምትለው።

አንድ ቀን የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ "ላፕቶፔ ዘገየብኝ" የምትል ቃል አመለጣት። ሰኞ አንዱን ጫነላት። ሐሙስ ተመልሶ "ይሄ አልተስማማሽም፤ ስትከፍቺው ፊትሽ ይጨማደዳል" ብሎ ሌላ ጫነላት። ሹፌራችንን ደግሞ "ፎቶ ነው የምታይበት ወይስ ትጽፍበታለህ? ስትናደድ ቁልፍ ትደበድባለህ?" እያለ የምሳ ሰዓቱን በላበት። ሹፌሩ ላፕቶፕ የሚባል ነገር የለውም። የመጣው ጎማ ሊረከብ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ እጄን የሰጠሁት በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴ ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት ሠርታለች። ሩቅ ከተማ የምትኖር አንዲት ታናሽ እህት አለቻት። የአክስቴ ጆሮ ከደነቆረ ቆይቷል፤ ስልክ አይሆንላትም፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደብዳቤ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የእናቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አክስቴ የመጨረሻውን ደብዳቤ "እህቴ፣ ምን እንዳልሽኝ ማንበብ አልቻልኩም" ብላ መለሰችው። እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አሮጌ ላፕቶፔን ሰጠኋት። ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ከተነሳ በኋላም አማርኛ የሚጻፍበት በእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። "‹ለ› ለማለት ኤልን ተጫኚ" አልኳት። ቁልፎቹን አየቻቸው፤ እጇን ጭኗ ላይ መለሰች። "ጣቶቼ ይሄን አያውቁትም። ይቅርብኝ ልጄ" አለች። ያን ‹ይቅርብኝ› ሰምቼ ሰኞ ጠዋት በገዛ እግሬ ንብረት ክፍል ሄድኩ።

ክቡርነታቸው (ቤቴ ከገቡማ አንቱ ናቸው) ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከነሰባት ፍላሻቸው መጡ።

"ጋሼ፣ ቀላሉን ይጫኑላትና እንገላገል" አልኳቸው።

"ቀላል ለማን?" አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እንደ ሰዉ ነው።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ በጥያቄ አለቀ። የትኛው ዓይንዎ ይሻላል? ነጭ ገጽ ያደክምዎታል? የወንበሩ ከፍታ አይበዛም? ላፕቶፑ አልተከፈተም። በሁለተኛው ቅዳሜ አምስት ዓይነት ጭነው አምስቱንም አጠፉ። ብዙ ሰው የሚመርጠውን ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭምር አነሱት፤ አንዱን "ያዋክባታል"፣ ሌላውን "ይኮራል" አሉት። ፕሮግራም እንዴት ይኮራል ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና አቅም አጣሁ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉኝ ሲወጡ።

"ጋሼ፣ እንቁላሉ እኮ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ጡረታ ወጣ!" አልኳቸው። እናቴ ገላመጠችኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ላፕቶፑ ተዘግቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። እናቴ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ዓይኗን ጨፍና ጣውላውን በጣቶቿ ትመታለች። እሳቸው አጎንብሰው እጇን እያዩ ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

"‹መ›ን ይምቱልኝ፣ እናቴ። ጎሽ። አሁን ‹ሙ›ን።"

"ኧረ ምንድን ነው የምትሠሩት?" አልኩ፣ የያዝኩትን ዘንቢል ሳላስቀምጥ።

"ዝም በል፣ ታጠፋብኛለህ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

የድሮ የአማርኛ ጽሕፈት መኪናዋን የቁልፍ አቀማመጥ ከጣቶቿ እየቀዱ ነበር። መኪናው ድሮ መሥሪያ ቤቷ ቀርቷል፤ ጣቶቿ ግን የትኛው ፊደል የት እንደነበረ አንዱንም አልረሱም።

"ክፍት ነው ስል የምትስቁብኝ ይሄን ነው" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ፊደሎቹን እሳቸው ወደለመዱት ቦታ አዛውራቸዋለሁ። ማሽኑ ይማር እንጂ እሳቸው ምን በወጣቸው?"

አፈርኩ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ለላፕቶፑ የሚሆን ነገር ይመርጣሉ ብዬ ስቃጠል፣ ሰውዬው ያጠኑት እናቴን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ ጫኑ፤ ፊደሉን አገዘፉ፤ ቁልፎቹን አዛወሩ። እጇ ተንቀጥቅጦ አንዱን ቁልፍ ሁለቴ ብትነካው አንዴ ብቻ እንዲቆጠርም አደረጉ። "ይሞክሩት" ብለው ወንበራቸውን ወደኋላ ሳቡ። እኔ ሻይ ላፈላ ገባሁ። ውሃው ሳይፈላ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ልጅ ሆኜ ቢሮዋ ወለል ላይ የሚያስተኛኝ ድምፅ ነበር።

ስመለስ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙረው ሁለቱም ያዩኛል። ስክሪኑን አነበብኩ፦

ለልጄ
ባለህበት

ጉዳዩ፦ ሰው ማጣደፍ እንድታቆም ስለማሳሰብ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እንግዳዬን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስታጣድፍ ተገኝተሃል። ጣቶቼን የመለሰልኝ ሰው ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን እዚህ ይበላል። ይህንኑ አውቀህ እንድትፈጽም በጥብቅ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእህቴ
ለትልቁ ልጄ፣ ለክቡር እንደ-ሰዉ

ታላቅ ወንድም እንዳለኝ ያወቅኩት በግልባጭ ነው።