ውሃ ቀማሹ ጎረቤቴ

ላቦራቶሪው አፉ ውስጥ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እዚህ ሸዋ ሮቢት ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ ታደሰ ይባላሉ። የጤና ባለሙያዋ የጉድጓድ ውሃችን አርሴኒክ የሚባል መርዝ እንዳለበት፣ መርዙም ጣዕም እንደሌለውና ቀስ ብሎ እንደሚጎዳ ስትነግረን፣ ጋሼ እንደ ጠላ አሳላፊ ከመዳፋቸው ፉት ብለው፣ «ይኸው ቀመስኩላችሁ! ሞትኩ?» አሉ። ሰፈሩ አጨበጨበ። እኔ ማጣሪያ ሳስገባ ደግሞ፣ «እትዬ አስካለ ሞትን በወንፊት ሊነፉ ተነሡ» ብለው አሳቁብኝ። አልረሳሁም።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጆቻቸው ከደብረ ሲና መጡ። ጋሼም ጀሪካን ይዘው በጓሮ በር ገቡ።

«ለሕፃናቱ ነው፣ እትዬ» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው።

ከማጣሪያው ሞላሁላቸው። ከማቀበሌ በፊት ግን ከመዳፌ ፉት አልኩ።

«ይኸው ቀመስኩልዎ፣ ጋሼ። ሞትኩ?»