የዳይሬክተሩ ደቦ

የሰውን ጠባይ ለማወቅ አብሮ መንገድ መሄድ ነው ይላሉ። ምን መንገድ ድረስ ያስኬዳል? ወረፋ ማስያዝ ይበቃል። ወፍጮ ቤት ቁማችሁ እዩ፤ ጻድቅ የመሰላችሁ ሰውዬ «የኔ እኮ ትንሽ ናት» እያለ ጆንያውን በጎን ሲያሾልክ ታገኙታላችሁ። እኔ ታዲያ እንጀራዬ ወረፋ ማስያዝ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ አኒሜሽን በሚያስተምር አንድ ኮሌጅ፣ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ከበታቼ ማንም የለም፤ የማዘው ራሴን ነው፣ እሱም አንዳንዴ እምቢ ይለኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥራውን ላስረዳ። የሦስት ደቂቃ ፊልም ማለት በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ነው። እያንዳንዱን ሥዕል ከነብርሃኑ ከነጥላው ሠርቶ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው፤ ይኸን ሬንደር ይሉታል። አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ከገባበት ሳምንት ሙሉ ያምጣል። ስለዚህ ዐሥራ አራት ኮምፒውተር በገመድ አያያዝን፤ ሥዕሉን ይካፈሉታል። ስድስቱ የኮሌጁ ናቸው፤ ስምንቱን ተማሪዎቹ ከየቤታቸው አመጧቸው። ፈረንጆቹ የሬንደር እርሻ ይሉታል አሉ። እርሻ ከተባለማ እኔም የቡሬ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ ማን ሊያስተምረኝ! ሕጉን ወንፈል አደረግሁት። ያንተ ማሽን ዛሬ ለእሷ ይሠራል፣ የእሷ ደግሞ ነገ ላንተ። ለሰው ያላረሰ አይታረስለትም። ይኸንኑ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት።

ማክሰኞ የታንጉት ተራ ነበር። ታንጉት ከፈረስ ቤት የመጣች ተመራቂ ናት፤ ፊልሟ ጓዱ ስለሞተበት በሬ ነው። በሬው ባዶውን ቀንበር እያየ ቁሞ የሚቀርበት ቦታ አለ። እኔ እንባ የማይወጣኝ ሴትዮ ረቂቁን አይቼ አልቅሻለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም። ረቡዕ ጠዋት ፈታኙ ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ፊልሙ ካልደረሰላት ዓመቱን ትደግማለች፤ አባቷ ደግሞ «ዘንድሮ ካልጨረስሽ ወደ ቤት» ብለው ቆርጠዋል።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተራችን ብቅ አሉ። የማንኩሳ ሰው ናቸው፤ ለዛ አላቸው፣ አልዋሽም። ረቡዕ ጠዋት የየኮሌጁን ግንባታ የሚጎበኙ ትልልቅ እንግዶችም ስለሚመጡ፣ አዲሱ ሕንፃችን ከመሠረቱ ተነሥቶ፣ ፎቅ በፎቅ እየወጣ አራተኛው ላይ ሲደርስ የሚያሳይ ፊልም አሠርተዋል። ሕንፃው በእውን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁሞ የቁራ ማረፊያ ከሆነ ሰነባብቷል። በፊልም ግን ማን ይከለክላቸዋል? ማክሰኞን ለእኔ አሉኝ።

የታንጉት ተራ ነው አልኋቸው። አንድ ቀን ብትታገሥ ምን ትሆናለች አሉ። ዓመቷን ታጣለቻ! ዳይሬክተሩ ማን እንደሆነ ረሳሽው እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚሉትን ተረት እኔም አውቃለሁ። ግን ማን ከሰሳቸው? ወረፋ ነው የያዝሁላቸው። ጌታዬ፣ ቢሮዎ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው አዲሱ ኮምፒውተር ካርታ ከማጫወት ሌላ ለማን አርሶ ያውቃል? ወንፈል ያልወጣ አይታረስለትም አልኋቸው። የገበሬ ልጅ ናቸውና ዝም አሉ። ወሬው ግቢውን አዳረሰው፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ዋልሁ።

ለካስ ዝም ያሉት ሊጥ እስኪቦካ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ክፍሉ ድግስ ሆኗል። ድፎ ዳቦው ተቆርሷል፤ ቦታው ትምህርት ቤት ነውና በጠላው ፈንታ የማያሰክረው ቃሪቦ ተቀድቷል፤ ተማሪው ይበላል። እኔም ቁርስ አልቀመስሁ፣ ዳቦው ትኩስ። የማን ድግስ ነው ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ? ነበረብኝ። ሁለተኛውን ቁራሽ ሳነሣ ዳይሬክተሩ ከበሩ በኩል፣ ወንፈል ባልወጣም ደቦ ጠርቻለሁ አሉ።

ወይ እኔ! ለአገሬው ሰው አይነገረውም፤ ለከተሜው ግን ልንገረው። ወንፈል ብድር ነው፣ በጉልበትህ ትመልሰዋለህ። ደቦ ግን በድግስ ነው፤ የጠራው አብልቶ አጠጥቶ ያሳርሳል፣ የበላ ሰውም እምቢ አይልም። የበሉበትን ወጭት ሰባሪ መባል አለ። ሳትበላ የቀረችው ታንጉት ብቻ ናት። እጄ ላይ ያለውን ቁራሽ አየችው። አፈርሁ። በራሴ ተናደድሁ፣ በዳይሬክተሩ ተናደድሁ፣ ዳቦውን በጋገረችው ሴት ሳይቀር።

እሺ፣ የበላነውን እናርሳለን አልኋቸው። የሕንፃውን ፊልም አስጀመርሁ። ነገ ጠዋት ይደርሳል አይደል ቢሉኝ፣ ደቦው እንደ አገሩ ሕግ ይፈጸማል አልሁ። ደስ ብሏቸው ሄዱ። ታንጉትን ጠርቼ ሻንጣሽን እንዳትሸክፊ አልኋት።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ደቦ የወጣ ሰው በጨለማ ሲያርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐይ ስትጠልቅ በሬ ይፈታል፣ እርሻው አለቀም አላለቀም። ያላለቀለት ሌላ ቀን ደግሶ ይጥራ! ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደጅ ወጥቼ ፀሐይቱን አየኋት፤ ገብታለች። ተመልሼ የዳይሬክተሩን ፊልም አቆምሁና ዐሥራ አራቱንም ለታንጉት ጠመድኋቸው። ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ፤ ማረስ እንደሆነ አልረሳሁም።

ረቡዕ በሦስት ሰዓት የታንጉት በሬ ደረሰ። ፈታኙ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ከመጀመሪያው ድገሙልኝ አሉ። አለፈች። እልል ያልሁት እኔ ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል?

ዳይሬክተሩ ግን ፊልሜስ ብለው መጡ። ፀሐይ የጠለቀችበት ቦታ ላይ ነው አልኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ሌላ የሚያሳዩት የለም። ያለው ተከፈተ። ሕንፃው ከመሠረቱ ተነሣ፣ አንደኛው ፎቅ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ቆመ። የእንግዶቹ አለቃ በመስኮቱ ወደ ሕንፃው አዩ፣ ወደ ፊልሙ አዩ፣ ተነሥተው አጨበጨቡ። ስንት ግቢ ዞረን ያላለቀውን አልቋል ብሎ ያልዋሸን ዳይሬክተር እርስዎን ብቻ አገኘን አሉ።

ስለ ሐቀኝነታቸው የምስጋና ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ ዳንቴል ከለበሰው ኮምፒውተር በላይ ሰቅለውታል። ለእኔም ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሥራ ሳይጨርሱ ስለማቋረጥ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ከወንፈሉ ሕግ ጎን ለጥፌዋለሁ።