አልጋዬ ሥር የከረመው ሱፍ

ማሳከክ እንደ ማዛጋት ነው፤ ካንዱ ወዳንዱ ይጋባል። ልዩነቱ፣ ያዛጋ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል ይባልለታል፤ ያከከ ሰው ግን አጠገቡ ያለው ወንበር ቀስ እያለ ይርቀዋል። ይህን እያነበባችሁ አንድ ቦታ እንዳሳከካችሁ አውቃለሁ። እከኩት፤ ማንም አያያችሁም። እኛ እኮ መረዳዳታችንን እንኳ «እከክልኝ ልከክልህ» ብለን የሰየምን ሕዝቦች ነን። ጀርባችን ላይ እጃችን የማይደርስበት ቦታ ባይኖር ኖሮ ጎረቤት ለምን ይበጀን ነበር?

ችግሩ ሳይጠየቅ የሚያክክ ሰው ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለው ለእሱ ነው።

ዘይነባ እንደዚያ ናት።

ዘይነባ የለጋምቦ ልጅ ናት። ለጋምቦ የወሎ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት የሚፈትሽ፣ በጉ ከሰው የሚበዛ ሀገር። ኩዌት ውስጥ ሙባረክ አል-ከቢር፣ አንድ ሰፊ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እኔ ሐዋሊ ጸጉር ቤት ነኝ። የተዋወቅነው የማዳሟ ሴት ልጆች ጸጉር ሊሠሩ ሲመጡ ቦርሳቸውን ተሸክማ ስለምትከተላቸው ነው። እነሱ ካስክ ሥር ይቀመጣሉ፤ እኛ ወሬ ላይ እንቀመጣለን። በዕድሜ ስለምበልጣት «እትዬ» ትለኛለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አታከብረኝም።

ማዳሟ የተማረች ሴት ናት። ምን ተማረች ብትሉ ዘይነባ፣ «እንጃ፣ ማታ ማታ በመነጽር ወረቀት ታፈጣለች» ነበር መልሷ። ሁለት ዓመት ሊሞላት አራት ወር ሲቀራት ያወቀችው ይህንኑ ነው። ማዳምም ስለ ዘይነባ የምታውቀው ሩዝ እንደማታሳርር ነው። አንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ይኖራል።

ያን ዓመት አረፋ ጥር ላይ ዋለ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ በግ መጣና ጓሮ ታሰረ። ማዳም ሁለት ቃል ተናገረች፦ «አብዪው። አትንኪው።» ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ለአሥር ቀን ስብሰባ ወደ ውጭ ሄደች።

ለምን እንደማይነካ አልተናገረችም። ለሠራተኛ ምክንያት ማስረዳት የት የተለመደ ነው?

ዘይነባ በጉን ዞራ አየችው። ቆዳው ቅርፊት አውጥቷል፤ ሱፉ እየተነቀለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ይታከካል። ለጋምቦ ያደገች ሴት ይህን ለማወቅ መነጽር አያስፈልጋትም። እከክ ነው። ቀጥሎ አሰበች። ዒድ ደርሷል፣ ቤቱ የሀብታም ነው፣ ጓሮ ውስጥ በግ አለ፤ ስለዚህ በጉ የዒድ ነው። የታመመ በግ ደግሞ ለዒድ መሥዋዕት አይሆንም። ስለዚህ ማዳሟን አታለው ሽጠውላታል! «አትንኪው» ያለቻትም እንዳይጋባባት አዝናላት ነው።

እስቲ ይህ ሐሳብ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው? እኔ እስከዛሬ አላገኘሁትም።

በወጥ ቤት መቀስ ሸለተችው። ትምባሆ ዘፍዝፋ በውሃው አጠበችው። ከሾፌሩ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለምና ከአንገቱ እስከ ጭራው ቀባችው። ብርድ እንዳይመታው ደግሞ ለማዳም ልጅ የጠበበ ቢጫ ሹራብ አለበሰችው፤ የፊት እግሮቹን በእጅጌው አሳልፋ። ማዳም ስትመለስ ጤነኛ በግ ታገኛለች፤ የተታለለችውንም ሳታውቅ፣ ሳታፍር ዒዷን ታከብራለች። ከዚህ የበለጠ ታማኝነት ካለ ንገሩኝ።

በማግስቱ ልጆቹ ጸጉር ሊሠሩ መጡ። ዘይነባ አፉ የታሰረ ትልቅ ጥቁር ፌስታል ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ አደራ፤ ካርጎ እስክልከው።»

አደራ አይፈታም፤ አይጠየቅም። አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ክፍሉን ለአራት ነው የምንጋራው፤ አልጋ ሥር ማለት ለእያንዳንዳችን ቁም ሣጥን ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን ተኛሁበት። እንቅልፌም መልካም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ጸጉር ቤት ሳለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። ከምሳ በኋላ ነው፤ ማዳሞች የሚያሸልቡበት፣ ሠራተኞች ስልካቸውን ከትራስ ሥር የሚያወጡበት ሰዓት። ዘይነባ እያለቀሰች ነው።

«መክተብ ልትመልሰኝ ነው፣ እትዬ! ያስቀጠረኝ ቢሮ ልትጥለኝ ነው! ነገ ጠዋት አለችኝ!»

«ምን ሰብረሽ ነው?»

«ምን እሰብራለሁ! በግ አድኜ ነው!»

እየተንሰቀሰቀች ነገረችኝ። ማዳም ከጉዞ ገብታ፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ትንንሽ ብልቃጥና ወረንጦ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ዘይነባም ምስጋና ልትቀበል ተከትላ ሄደች። ማዳም ያየችው በዘይት የሚያብረቀርቅ፣ ሹራብ የለበሰ፣ ደስተኛ በግ ነው። ጮኸች። ለካ ሥራዋ የበግ እከክ የሚያመጣውን ተባይ መመርመር ኖሯል። በጉም የዒድ ሳይሆን የምርምር ነበር፤ የመሥሪያ ቤቷ በረት እስኪጠገን እቤት ያቆየችው። ዘይነባ ያዳነችው በግ ስንት ወር የተፈለገ በሽተኛ ነው።

«አንድም አልቀረ አለችኝ። ወላሂ፣ ሰው ለእከክ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።»

ኮንትራቷን ሳትጨርስ የምትመለስ ሴት ሀገሯ ስትገባ ስም ይጠብቃታል። ወይ ሰርቃለች፣ ወይ ባልጋለች ይባላል። «በግ አክማ ተባረረች» ብሎ ማን ያምናል? እሷም ይህንኑ ነው የምታለቅሰው። እኔ ደግሞ ምክር ሲጠፋኝ የማይረባ ጥያቄ እጠይቃለሁ።

«ሱፉንስ የት ጣልሽው?»

ልቅሶው ቆመ።

«ሱፍ ይጣላል እንዴ? አንቺ ጋ አይደል! እናቴ ትፈትለውና ለብርድ የሚደረብ ባና ይወጣዋል ብዬ።»

ለለጋምቦ ሱፍ መላክ ለዓባይ ውሃ ማበደር ነው፤ ግን ያን ጊዜ እሱን አላሰብኩም። ያሰብኩት ዘጠኙን ቀን ነው። ወዲያው አንገቴን በላኝ። ከዚያ ብብቴን። ከዚያ ስም የሌለውን የጀርባዬን ቦታ። ካስክ ሥር የተቀመጠችው ደንበኛ ወንበሯን ወደዚያ ሳብ አደረገች።

«መቀስሽ እስከ ቆዳው ደርሷል?» አልኳት እያከክሁ።

«ቅርፊቱ ሁሉ አብሮ ነው የተነሣው።»

«ዘይቱን ሳትቀቢው በፊት?»

«ዘይት የተቀባ ሱፍ ማን ይፈትላል፣ እትዬ?»

አለቃዬን ታመምኩ ብዬ አስፈቀድኩ፤ ስታከክ ስላየች አልተከራከረችኝም። ፌስታሉን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣ አቅፌ ከሐዋሊ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ፊሊፒናዊት መቆሚያ እንደጠበበኝ አይታ ፌስታሉን ጭኗ ላይ ልታስቀምጥልኝ እጇን ዘረጋች። ደግነቷን እንዴት ብዬ ልከልክላት? እስከምወርድ ድረስ ትራስ አድርጋው ተኛችበት። ይቅር ትበለኝ።

ማዳም በሩን ራሷ ከፈተች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ ዘይነባ ልብሷን ሰብስባ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ምንም ሳልናገር ፌስታሉን ፈታሁ። ማዳም ሱፉን አየች። ተንበረከከች። አንድ ቅርፊት በወረንጦ አንሥታ ጥቁር ወረቀት ላይ አራገፈችና አጉሊ መነጽሯን ደገነችበት።

ዘይነባ ከሻንጣው ላይ ተነሣች።

«ማሻአላህ» አለች ማዳም። «ማሻአላህ! ይንቀሳቀሳሉ!»

ዕድሜዬን ሙሉ ለተባይ «ማሻአላህ» ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ደስታ አፏን ፈታው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ለዘይነባ ያልነገረቻትን በሩብ ሰዓት ነገረችን። በጉ በመርከብ ከሩቅ የመጣ ነው። የእሱ ተባዮችና የበረሃው በጎች ተባዮች ዘመዳሞች ይሁኑ ባዕዳን፣ ዘረመላቸውን እያነበበች ልትለይ ነው። ለዘረመል ደግሞ በሕይወት ያለው ቢቀር የሞተውም ይበቃል፤ ከፌስታሉ ሁለቱም ተርፏታል። እኔ በልቤ፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ በሌላው ጀርባ ታዝሎ ኩዌት የገባ እንግዳ ዘሩ ቢጠየቅ ምን ይገርማል አልኩ። በአፌ የጠየቅኩት ግን ሌላ ነው።

«ሰው ላይስ ይኖራሉ?»

«ሰውማ አይመቻቸውም» አለችና የማክከውን አንገቴን አየችው። «አንቺን የሚያሳክክሽ ወሬው ነው።»

እንዲህ ያለ ጣፋጭ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። የአውቶቡሷም ሴት ትዝ አለችኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት በሌለችበት።

ማዳም ወደ ዘይነባ ዞረች። «ለምን ሳትጠይቂኝ ነካሽው?»

«አንቺስ ለምን ሳትነግሪኝ ሄድሽ?» አለች ዘይነባ።

ደግነቱ ዓረብኛ «እርስዎ» የለውም። በአማርኛ ቢሆን ይህቺ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ ትቀር ነበር። ማዳም ጓሮ ውስጥ ቢጫ ሹራቡን ለብሶ የሚያመሰኳውን በግ አየችና መሬት ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች። የመክተቡ ነገር ያን ቀን አልተነሣም። በማግስቱም አልተነሣም። ዘይነባ ሻንጣዋን ፈታች።

በጉስ? ለምርምር እንዳይሆን ድኗል፤ ለዒድ እንዳይሆን ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል። መሐል ላይ ቀርቶ ተረፈ። እኛስ ብንሆን የምንተርፈው እንደዚያ አይደል?

ማዳም አሁን «አትንኪ» ስትል ምክንያቱን ታስረዳለች። ዘይነባ በዚህ ትማረራለች። «አንድ ማሰሮ አታንሺ ለማለት ግማሽ ቀን ትፈጃለች፣ እትዬ። ድሮ ይሻል ነበር።»

ሱፉ የምርምር ቤቱ በረዶ ውስጥ ከርሞ፣ በውስጡ ምንም ሕያው ነገር እንደሌለ ማዳም ራሷ አረጋግጣ መለሰችላት። በካርጎ ለጋምቦ ገባ፤ ተፈተለ፤ ባና ሆነ። የዘይነባ እናት በስልክ፣ «ሞቆኛል፣ ልጄ፤ አላህ ይስጥልኝ» ብለዋል።

ያሳክካቸው እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስጠይቄያለሁ። አያሳክካቸውም።