ሰው ያልተቀመጠበት ዱካ

ብርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከሰማይ ይወርዳል፤ ጋቢ ሲደርቡበት ይመለሳል። ሌላው ከጎረቤት ይመጣል፤ ለሱ የሚሆን ጋቢ እስካሁን አልተሸመነም። ሁለቱም እኔ ቤት ያድራሉ።

ትምህርቱን ተውኩት ከምል እሱ ተወኝ ብል ይቀላል። የሚኒባስ ረዳት ሆኜ ሰቆጣን በር በሩን አውቄያታለሁ፤ ገበያ ዳር ጫማ ሰፍቻለሁ፤ አንድ ቦታ ግን መቀመጫዬ አይረጋም። በመጨረሻ መስቀል ሲያልፍ፣ «ቆዳው እዚህ ሞልቶ ቀበቶው ከወልድያ ይምጣ?» አልኩና በተከራየኋት አንዲት ክፍል የቆዳ ሥራ ጀመርኩ። አንድ ወስፌ፣ አንድ ካራ፣ አንድ ጣሳ ማስቲሽ። ባለሀብት ሆንኩ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት የሚሸጥ ነገር አልነበረም። በፍየል ቆዳ የተወጠረ ዱካ ነው። ሰው ሲመጣ ምን ላይ ይቀመጣል? ልብ በሉ፣ «ቢመጣ» አላልኩም።

ታኅሣሥ ገባ። ውርጩ ውጭ የሰቀልኩትን ቆዳ ሳንቃ አደረገው፤ ማስቲሹም ጣሳው ውስጥ ረጋ። ብልጥ ነኝና እርጥቡን ቆዳ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ወጠርኩት። የብልጥ ነገር! ቆዳው እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማደደ፤ ሽታው ደግሞ አጥር ዘሎ ሰፈሩን ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ያልፋሉ። ሥራ ግን አላጣሁም። የተበጠሰ ጠፍር፣ ክዳኑ የተቀደደ አገልግል ደጄ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ ጠግኜ እዚያው እመልሳለሁ፤ ዞር ስል የለም። ነገሩ የሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያገሬ ሰው ፋቂ በሠራው ኮርቻ ይቀመጣል፣ ፋቂ በቆዳ በለበጠው አገልግል ስንቁን ይይዛል፤ ከፋቂው ጋር ግን አይቀመጥም። እኔ የገበሬ ልጅ ነበርኩ። አንድ ወስፌ ዘሬን ቀየረው።

ባለፈው ሳምንት አያ ገብሬ፣ አጥር የምንጋራው ሽማግሌ፣ ደጄ ላይ ቆሙ። ከሁሉም አርቀው የሚዞሩኝ እሳቸው ነበሩ።

«አንተ ልጅ፣ እሳት አለህ?»

«አለ፣ አያ! ይግቡ እንጂ!»

ገቡ። ዱካው ላይ ተቀመጡ። ቆዳው ሲጥ አለ፤ ሦስት ወር የጠበቅሁት ድምፅ።

«የሰው ወሬ!» አሉ እጃቸውን እያሞቁ። «ቤቱ አያስጠጋም ይሉኛል። ምን ይሸታል? ምንም!»

እንባዬ ሊያሳጣኝ ሲል ወደ ከሰሉ ጎንበስ አልኩ። ጭሱ ነው እንድል።

አያ ገብሬ ሦስት ጊዜ አነጠሱ።

«ይኼ ጉንፋን፣» አሉ በጋቢያቸው ጫፍ እየተናፈጡ፣ «ሳምንቱ ነው ልጄ። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይሸተኝም።»

አፌ «ይማርዎት» አለ። ልቤ ዝም አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ይመጣሉ። ስለ በሬያቸው ያወራሉ፣ ስፌቴን ይነቅፋሉ፣ እሳቴን ይሞቃሉ። ከጓሮዬ ደግሞ ዳማከሴ በቅሏል። ጉንፋን ለያዘው ጎረቤት ጨምቆ መስጠት ያገር ደንብ ነው፤ እኔም ደንብ አላጣሁም። ነገ እሰጣቸዋለሁ።

ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።