እርስዎ ይቅደሙ

ትናንት ሌሊት ኮሎኔል መንክር ጉድ የሆነ ሕልም አዩ።

ቀኑን በጦር ኮሌጁ ስለ ጎረቤት አገር ሲያስተምሩ ነበር የዋሉት። ከወንዙ ማዶ ያለው ኃያል አገር ኑክሌር ቦምብ ታጥቆ «ከጠረጠርኩ ቀድሜ እመታለሁ» ማለቱን አስረድተው ሲጨርሱ፣ አንዲት መኮንን እጇን አወጣችና «እና እኛ ምን ይዘን ነው የምናስፈራው?» አለቻቸው። ኮሎኔሉ «ሰዓት አልቋል» ብለው ክፍሉን አሰናበቱ። ማታ እንደከፋቸው ተኙ።

በሕልማቸው፣ በጠራራ ፀሐይ የግቢያቸው በር ተንኳኳ። ቢከፍቱ የዚያ አገር ጄኔራል ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ኒሻኑን የደረደረው በጀርባው ነው። ከኋላው ጋሪ ላይ ጋቢ የለበሰ ቦምብ ተጋድሟል። ጋሪውን ወታደሮች ይጎትታሉ፤ አህያዋ ከላይ ተቀምጣ ትዕዛዝ ትሰጣለች።

«የመሸብን እንግዶች ነን፣ አሳድሩን» አለ ጄኔራሉ።

«ቤት ለእንግዳ!» አሉ የኮሎኔሉ ባለቤት ወይዘሮ ይርገዱ ከጓዳ ብቅ ብለው። «ምን ሆናችሁ ነው?»

«እናንተን ፈርተን ነው፣ እመቤቴ። አገራችን እንቅልፍ ካጣ ሰነበተ።»

ኮሎኔሉ ሳቃቸው መጣ። «እኛ ምን አለንና?»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው! ሰላዮቻችን ምን እንዳላችሁ ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ ምንም አጡ። ምንም የሌለው ጎረቤት ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?»

ቦምቡ ጋቢው ውስጥ ተንዘፈዘፈ። ወይዘሮ ይርገዱ ግንባሩን ዳሰስ አድርገው «ይኼማ በርዶታል» አሉና ተልባ በጥብጠው ሰጡት።

«እማማ» አላቸው ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «እኔ እኮ ጩኸት አልወድም።»

ወዲያው ግቢው የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ወንዙ በመሐሉ ሽቅብ ይፈሳል። የሁለቱ አገር ሹማምንት ወዲህና ወዲያ ቆመዋል፤ ሰብሳቢዋ ፍየል ናት። ፊቷ ካለው ጠረጴዛ ላይ ቦምቡን የምታፈነዳ አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች።

«ማን ይቅደም?» አለች ፍየሏ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ ጄኔራሉ ለኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ።

«ኧረ በፍጹም! እንግዳ እያለ?»

«በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«በመሣሪያ ይበልጡኛል።»

«በሞቴ!»

«ኧረ በእኔ ሞት!»

እንዲህ ሲባባሉ ብዙ ቆዩ፤ ቁልፏን ግን የነካት የለም። ኮሎኔሉ ደስታ ፈነቀላቸው። ለዚያች መኮንን የሚነግሯት መልስ ይኸው ተገኘ፤ አገር የሚጠበቀው ለካ በይሉኝታ ነው! ይህን እያሰቡ ሳለ ጄኔራሉ ላቡን ጠረገና «እንግዲህ ይህን ያህል ከለመኑኝ እምቢ ማለት ነውር ነው» ብሎ ጣቱን ዘረጋ።

«ኧረ አልለመንኩም! ለወጉ ነው ያልኩት!» ብለው ሲጮኹ ነቁ።

ነግቷል። ሬዲዮው ያወራል፦ ማዶ ያለው አገር አዲስ ሚሳይል ሞክሯል፤ የአደጋ ደወል የሰማ ነዋሪ ሁሉ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግባ። ወይዘሮ ይርገዱ አልጋው ላይ የሉም። ኮሎኔሉ ሳሎን ቢወጡ፣ የምግብ ጠረጴዛው ሥር ፍራሽ አንጥፈው ትራስ ሲያስተካክሉ አገኟቸው።

«እስቲ ግባ፣ ልኩን እንየው» አሏቸው።

ኮሎኔሉ ተንበርክከው ገቡ። ረጅም ሰው ናቸውና ከጉልበታቸው በታች ውጭ ቀረ። ወይዘሮ ይርገዱ እግሩን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው እግሩን ሸፈኑላቸውና አጠገባቸው ገቡ።