ጋሼ ታደለን ላለማስቀየም

ይሉኝታ ኤርፖርት ላይ የሚወረስ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን ቀልለን ለንደን በገባን ነበር! ግን ማንም አይወርሰውም፤ እኔ ደግሞ ይኸው ኮምፒውተር ውስጥ ድረስ ይዤው ገባሁ። ሳቁ እንጂ፣ የእናንተንም አውቀዋለሁ። ጠግባችሁ ሳላችሁ «ኧረ ይበቃል፣ ኧረ በሞቴ» እያላችሁ ሳህኑን ወደ ጭልፋው የምታስጠጉት እናንተ አይደላችሁም?

የምሠራው እዚያው ለንደን፣ ክላፋም፣ ከአንድ ጂም በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው፤ አውቶቡስ የሚነዳበት ጌም እንሠራለን። ተጫዋቹ የራሱን ፎቶ፣ የራሱን ቀለም፣ የራሱን ጡሩምባ ከኮምፒውተሩ አምጥቶ አውቶቡሱን እንዳሻው ያስጌጣል። ጌሙ የሚወደደውም በዚሁ ነው። ችግሩ ፋይሉን የሚቀበለው ኮድ ነው፤ ለፎቶ አንድ፣ ለቀለም አንድ፣ ለድምፅ አንድ እየተባለ ያው ሥራ ሦስት ቦታ ተጽፏል፤ አንዱን ስትነኩት ሌላው ያኮርፋል። በቀደም አንዱ ተጫዋች አዲስ ጡሩምባ ቢያስገባ አውቶቡሱ ጥቁር ሆኖ ቁጭ! አለቃችን ኤማ «እስከ ዓርብ ሦስቱን አንድ አድርጋቸው፤ ካልሆነ ማስጌጡን ከጌሙ እናወጣዋለን» አለችኝ።

ሥራው የአንድ ቀን ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ያንን ኮድ የጻፉት ጋሼ ታደለ ናቸዋ! ፓርክ ሮያል መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር የነበርኩትን ሰውዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አግኝተው «ለመሆኑ የተማርከው ምንድን ነው?» ብለው፣ እጄን ይዘው እዚህ ቢሮ ያስገቡኝ፣ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የእኚህን ሰው ሥራ በምን አንጀቴ ጠራርጌ ልጣለው? ማክሰኞ ፋይሉን ከፈትኩት፤ ዘጋሁት። ረቡዕም እንደዚያው። ማን እንደጻፈው ቼክ ማድረግ አንድ ጠቅታ ነበር፤ ግን የታወቀ ነገር ምኑ ቼክ ይደረጋል?

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ብርቱካን ገዝቼ ኤድመንተን ቤታቸው ሄድኩ። ፈቃድ ልጠይቅ! ኮድ ለመሰረዝ ራሴን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ እላችኋለሁ። በጤናቸው፣ በአየሩ፣ በጉልበታቸው ሕመም ስዞር ቆይቼ እንደምንም ተነፈስኩት።

«ጋሼ፣ ያ ፋይል የሚያስገባው ኮድ... መቼም በጊዜው እንደዚያ መጻፉ ግድ ነበር... አሁን ትንሽ ብናሻሽለው ቅር ይልዎታል?»

ብርቱካን መላጡን አቆሙ። «ሦስት ቦታ የተጻፈው? እስካሁን አለ እንዴ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«እሱን እኮ የጻፍከው አንተ ነህ፣ ልጄ። በገባህ በሁለተኛው ወር። ስንት ጊዜ ልሰርዘው ተነሥቼ፣ ገና አዲስ ነው፣ ቅስሙ ይሰበራል ብዬ ተውኩት።»

ላፕቶፔን አውጥቼ ጠቅ አደረግሁ። ስሜ፣ ከነአባቴ ስም፤ ያኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የጻፍኩትን ከእሳቸው ሥራ ጋር አደባልቄ ረስቼው ኖሯል። እኔ ሦስት ቀን ባፍርላቸው፣ ለካ እሳቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያፍሩልኝ ኖረዋል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ጋሼ ታደለ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ተጋብቶብኝ እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ዓርብ ሰረዝኩት። በራስ ላይ መጨከን እንዴት ይቀላል! ሦስቱ አንድ ሆኑ፤ ጡሩምባ ቢገባ፣ ቀለም ቢገባ ማንም ማንንም አልነካም። ኤማ ደጋግማ ሞክራው ደስ አላት።

«ለመሆኑ ያንን ጉድ የጻፈው ማን ነበር?» አለችኝ።

«አንድ አዲስ ልጅ ነበር» አልኳት። «ቅስሙ እንዳይሰበር፣ ተይው።»