የፈረንጅ አስራ ሁለት ሰዓት

«ቤንዚኑ ነው አልኩህ እኮ። በኩፖን የሚሰጥ ቤንዚን ውሃ ነው። አንተ ደግሞ ጆሮ የለህም እንጂ ሞተር አይዋሽም።»

ይሄ የጋሽ ዳኘ ድምፅ ነው፤ ከአፍንጫ ተነስቶ ጉሮሮ ላይ ትንሽ አርፎ ይፈርዳል። እጁ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ ለኛዋ ሆሳዕና ከተማ የደረሳት እሱ ነው። ቀበሌ ሳይሾመው እኔ «ጓድ ሊቀ ሞተር» ብዬ ሾሜዋለሁ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። አንዴ የወፍጮ ሞተር አዳምጦ «ባለቤቱ ክፉ ነው» ብሏል። ወፍጮው እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ይቺ ቤንዚኗ የሚሰደብባት አሮጌ ፒክአፕ ግን የራሱ ናት። ልጁ ጣቢታ ቦኖሻ በምትባል የገጠር ከተማ ክሊኒክ ከተመደበች ዓመቷ ነው። ለመስቀል አንድ ቀን ተፈቅዶላት «አባዬ፣ መጥተህ ውሰደኝ» ብላ ላከች። እናቷ ሞታ እሷም ከሄደች ወዲህ የዚያ ቤት ሁለተኛ በርጩማ ሰው አልተቀመጠባትም፤ ደንበኛ እንደሆነ ቆሞ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ እንዳትቆምበት ብሎ የሞተሩን ሰንሰለት ራሱ ሊቀይር ፈታታት።

የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። እስከ ስምንተኛ የተማርኩት እኔ፣ ረዳቱ አሳምነው፣ አነበብኩለት።

«ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የሁለቱም ማርሾች ምልክት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሁን ይላል።»

«የማን አስራ ሁለት?»

«የፈረንጅ ነዋ።»

«የፈረንጅ አስራ ሁለት በኛ ስንት ነው?»

«ስድስት» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰዓት ላይ ስድስት ያለው ታች ነው። ወደ ላይ ማየት የነበረባቸውን ምልክቶች ወደ ታች አዙሮ ገጠመ። ቁልፉን ሲያዞረው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ጓ አለና ዝም።

ሦስት ቀን ሙሉ ቤንዚኑን ሰደበ። የደመራ ለት ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን ራስ፣ አነሳው። ቫልቮቹ ጎብጠዋል፤ ፒስተኖቹ አናት ላይ የተመቱበት ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቤንዚን ይሄን አይሠራም፤ ተገልብጦ የተገጠመ ምልክት እንጂ። ላሾፍበት አፌን ከፈትኩ። እሱ አንዱን ቫልቭ በሸሚዙ ጠርጎ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ወደ ላይ ነበር» አለ።

ቆይቶ በርጩማዋን ሳበልኝ። «ለጣቢታ ጻፍልኝ፤ አሁን ወደ ቦኖሻ የሚሄድ ሰው አለ። በላት፣ ቤንዚኑ...»

«ሞተር አይዋሽም፣ ጋሽ ዳኘ።»

«እሺ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ በላት።»

«እኔና አሳምነው» ብዬ ጻፍኩ። ከራሴም ጨመርኩና በሱው ድምፅ፣ ከአፍንጫ፣ አነበብኩለት፦ «በርጩማሽን አጥቤ በር ላይ አስቀምጬልሽ ነበር። ለመስቀል አሳምነው ይቀመጥባታል፣ አታስቢ።»

«ስለ በርጩማዋ ማን ጻፍ አለህ?» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ። «በቃ፣ ሌላ አትጻፍ።»